ማንም ያልላካቸው ሽማግሌዎች

ምናሴ መኪናውን ለማስነሳት መጀመሪያ ቱቦ ውስጥ መንፋት አለበት። ከመሪው አጠገብ የተገጠመችው መሣሪያ ትንፋሹን ትለካለች፤ አልኮል ካላገኘች ሞተሩ ይነሳል። መንገድ ላይም ድንገት ትጮህና እንደገና ንፋ ትለዋለች። ሌላ ሰው እንዳይነፋለት ደግሞ ትንሽ ካሜራ ፊቱን ታነሳለች። በእውነት በብልሃት የተሠራች ነገር ናት። ምናሴን ግን ታንገሸግሸዋለች። ቱቦውን ከንፈሩ ላይ ባደረገ ቁጥር የትናንት ምራቁ ይሸተዋል። እሑድ እሑድ የቸርቹ ፓርኪንግ ባዶ እስኪሆን መኪናው ውስጥ የሚቀመጠውም፣ ሲነፋ ሰው እንዳያየው ነው።

የታሰረው ሰክሮ ሲነዳ እታለማሁ የምትባል ሴት ገጭቶ ነው። ከፍርዱ ከፊሉን እስር ቤት ጨርሶ በአመክሮ ወጣ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ሰዉ ፓሮል የሚለው ማለት ነው። አመክሮም የራሱ ሥርዓት አለው። የቁጥጥሩን ግማሽ ያለ ጥፋት የጨረሰ ሰው፣ ቀሪው ይቅርልኝ ብሎ ጉዳዩ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ምናሴ ጠይቋል። ከተፈቀደለት ቱቦው ይነቀላል፤ ቤቱ መጥታ መጠጥ ፍለጋ ፍሪጁን የምትከፍት የአመክሮ ኦፊሰርም አትኖርም። ከግዴታዎቹ ሁሉ ጥብቁ አንድ ነው፤ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው በኩል ከእታለማሁ ጋር መገናኘት አይችልም። ስለዚህ አዲሰን ከተማ ወዳለው ሥራው ሲሄድ እሷ የምትኖርበትን ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር በሩቁ ዞሮ ነው።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ተሻገር መጥተው ክርናቸውን የመኪናው መስኮት ላይ አሳረፉ። ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው።

«ጨረስንልህ» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«የእታለማሁን ነዋ። ትናንት አራት ሆነን ቤቷ ሄድን። ኬክ ይዘን። ታርቃችኋል።»

«ማን ላካችሁ?»

«ሽማግሌ እስኪላክ ይጠብቃል እንዴ? ሶ፣ ቪዲዮም አለ። ለኦፊሰሯ ሴንድ አድርግላት፣ በማግስቱ ትለቅሃለች።»

ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠጉለት። ሱፍ የለበሱ ሦስት ሰዎች ሶፋውን ሞልተውታል። እታለማሁ በገዛ ቤቷ የወጥ ቤት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዘራዋ ጉልበቷ ላይ ተጋድሟል። እሺ ሳይባል የማይነሳ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ ምናሴ ያውቃል።

«ይቅር ብዬዋለሁ በይ» ይላል የጋሽ ተሻገር ድምፅ።

«ብዬዋለሁ።» ያልተቆረሰውን ኬክ ነው የምታየው።

«ጎሽ። አሁን ቀና ብለሽ፣ እንዲሰማ አድርገሽ ድገሚው።»

ደገመችው። ምናሴ ለአፍታ የተነቀለው ቱቦ ታየው፤ ደስ አለው። ወዲያው በደስታው አፍሮ ስልኩን ገፋ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መልሶ ያሳስረኛል።»

«ይቅርታ ያሳስራል?» ሳቁ። «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ።»

ሰኞ ጠዋት ኦፊሰሯ ጋ ደውሎ ሁሉንም ነገራት።

«እሷም ደውላለች» አለችው። «የላክሃቸው አንተ ነህ ብላ ነው የምታምነው።»

«አልላክኋቸውም። እባክሽ ንገሪልኝ።»

«ያንተን መልእክት ለእሷ ማድረስ አልችልም። መጀመሪያ ይጣራል። እስከዚያ ጥያቄህ ቆሟል።»

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ተሻገር ያንኑ ክርን እዚያው መስኮት ላይ አሳረፉ። ሌሎቹም ከኋላቸው ቆመዋል።

«እኛ ለፍተን፣ አንተ ራስህን ጠቆምክ አሉ። ኦኬ፣ ግዴለም። ኦፊሰሯ ጋ እንሄዳለን። ኬክ የማይወድ ፈረንጅ የለም።»

«እታለማሁ ከዚያ ወዲህ በሯን ለሰው እንደማትከፍት ሰምተዋል?»

«እሷማ ይቅር ብላለች፤ ቪዲዮው አለ።»

«ክርንዎን ያንሱልኝ ጋሼ።»

ፓርኪንጉ ገና በሰው እንደተሞላ ነው። ምናሴ ቱቦውን ብድግ አደረገ። የትናንቱ ምራቅ ሸተተው። ፊታቸውን እያየ ነፋ፤ ሞተሩ ተነሳ።