ጣሪያ ላይ የዋለው የኑግ ማር

ካርቱም ገና ሰላም ሳለች፣ ማር የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ደጅ ላይ የሚነታረኩትን ነጋዴዎች እሰማለሁ። አለቃዬ ዶክቶራ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ነጋዴዎቹን ግን እንደ ተማሪ ነበር የምትቆጣቸው። «ማር አታሙቁ! ስንቴ ልንገራችሁ?» ትላቸዋለች። ይህን አራት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። አሁን የማነሣው በኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ እንድትስቁብኝ ነው።

ያኔ ደግሞ በፍቅር ጦዤ ነበር። ልጁ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። እንደ እኔው የወሎ ዘር ነው፣ ተወልዶ ያደገው ግን ካርቱም ነው። ያልተበላሸ ስልኬን ሦስት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። ለኒካው የቀረን የእናቱ እሺታ ብቻ ነበር። እናትየውን ሰው ሁሉ «ሀጃ» ነው የሚላቸው። ከሀገር ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ ያላቸውም ልጅ እሱ አንድ ነው፤ ስለዚህ እሺታቸው እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

እናቴ ባዶ እጄን እንዳልገባ ብላ በመንገደኛ እጅ አንድ ባልዲ ማር ላከችልኝ። ከጓሯችን ቀፎ የተቆረጠ፣ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ የረጋ ማር። ዓርብ ዕለት ከቡሪ ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሱቅ ዐረቢ ላይ ሌላ ቀይሬ፣ ባልዲውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቤታቸው ደረስኩ። ሀጃ ማንኪያ ሰኩበት። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄማ ሱከር ነው» አሉ። «አሰል እንዲህ ይቆማል? ማር ይፈሳል፣ ወላሂ!»

«ሀጃ፣ የሀገራችን ማር እኮ ይረጋል...»

«ስኳር አፍልታ የምትልክ እናት የወለደቻትን ለልጄ አልወስድም።»

ልጁ መሀል ገባ። «ዩማ፣ እሷ እኮ የምትሠራው ማር የሚመረመርበት ቤት ነው። ለምን አይታይም?»

«ኸላስ፣ ወረቀት ታምጣ» አሉና በሲኒ ሙሉ ጨለፉ። «ይቺን ለምስክር አስቀራታለሁ። ብትለውጪው አውቅብሻለሁ።»

የእኔስ ይሁን፤ እናቴ አጭበርባሪ መባሏ አንገበገበኝ። ቤት ስገባ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ዶክቶራም ሱዳናዊት ናት፤ ድንጋይ የመሰለ ማር ይዤ ስገባ እሷም ብትስቅብኝስ? ባልዲውን ጣሪያ ላይ አወጣሁት። የካርቱም ፀሐይ ሦስት ቀን ቀቀለችልኝ። ማሩ ቀለጠ፣ ወርቅ መሰለ፣ ፈሰሰ! ደስታዬን መቻል ቢያቅተኝ እዚያው ጣሪያው ላይ ብቻዬን እስክስታ መታሁ። ጎረቤት እያየኝ ነበር።

ዶክቶራ አንዲት ጠብታ በመለኪያዋ መስታወት ላይ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ አቅንታ አየች። «ውሃው ልክ ነው» አለች። ስኳሩንም ለካች፤ የተጨመረ የለበትም። እኔ መወልወያዬን ተደግፌ የሠርግ ልብሴን ቀለም እመርጣለሁ። በማግስቱ ግን ፊቷ ተለወጠ። ማር ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ ውስጡ የሚበዛ ነገር አለ፣ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጠራው። በእኔ ማር ውስጥ ከልኩ አልፎ ተገኘ።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ማር ማን ቀቀለው?»

«ፀሐይ።»

«የትኛዋ ፀሐይ?»

«ጣሪያችን ላይ ያለችው።»

የተከናነበችው ቶብ ከራሷ እስኪንሸራተት ሳቀች። «አራት ዓመት ስጮህ የት ነበርሽ?»

«ብልቃጥ እያጠብኩ» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ሳቋን ዋጠች። ወረቀቱ ላይ መሞቁን መጻፏ የግድ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እሷ ለማንም አትዋሽም። «ግን ቆይ» አለች፣ «የአበባው ብናኝ በፀሐይ አይጠፋም።»

ማሩን በውሃ አሟሟችው፣ በሚያሽከረክረው ማሽን አዞረችው፣ ሥሩ የዘቀጠውን በመስታወት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው። «ነይ እዪ።» ዐይኔን ጣል አደረግሁ። ክብ ክብ ነገር፣ ዙሪያውን እሾህ ያበቀለ፣ ሞልቶታል! በመካከሉ አልፎ አልፎ ሦስት ማዕዘን አለ። ዶክቶራ ሥዕል የሞላውን ወፍራም መጽሐፏን ገልጣ አስተያየች። ባለ እሾሁ ኑግ ነው። የኑግ ማር በተፈጥሮው ቶሎ ይረጋል፤ የካርቱም ሰው የለመደው የቁርቁራ ማር ግን ብዙ ጊዜ ሳይረጋ ይቆያል። ሦስት ማዕዘኑን ስታይ ቀና አለች። «ቤታችሁ አጠገብ ባሕር ዛፍ አለ?»

«ከቀፎው ጀርባ!» ብዬ ጮህኩ። ሀገሬን አይታ የማታውቅ ሴት ጓሯችንን ነገረችኝ! ከነመወልወያዬ አቀፍኳት።

ዓርብ ወረቀቱንና ባልዲውን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ አነበበ። «የኑግ አበባ ማር። ስኳር አልተጨመረበትም። ሞቋል።»

«ሞቋል?» አሉ ሀጃ።

የጣሪያውን ጉድ አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። «እናቴ የላከችው ግን ያንን መጀመሪያ ያዩትን ነጩን ነው» አልኩ። «ያስቀሩትን ሲኒ ያውጡትና ይዩት።»

«የምን ሲኒ?» አሉና ቶባቸውን ማስተካከል ያዙ።

ልጁ ተነሥቶ ፍሪጁን ከፈተ። ሲኒው ወጣ። ከነማንኪያው፣ የታጠበ እስኪመስል ተልሶ ነበር።

«ዩማ፣ ምስክሩ የት ሄደ?»

«ቀመስኩታ!» አሉ። «አንድ ቀን ቀመስኩት። በነጋታውም ቀመስኩት።» ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ባልዲውን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለእኔ እናትሽ ያንን ነጩን ትላክልኝ። ይሄን የቀቀልሽውን ለባልሽ አብዪው።»

እኔ የሰማሁትን ገና ሳላምን ልጁ ማንኪያ ፍለጋ ሮጦ ነበር።