የተደበቀችው የሰም ድስት

ይህን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ አጭር ቀሚስ ፋሽን በነበረበት ጊዜ፣ ቀራንዮ የምኖር አዲስ ሙሽራና አስተማሪ ነበርኩ። የእግሬን ፀጉር የምነቅልበትን ሰም የማቀልጥባት ትንሽ ድስት ነበረችኝ። አልጋ ሥር ነበር የምደብቃት።

አንድ ቅዳሜ በሩን ሳልቆልፍ ከነቀልኩ በኋላ ድስቷ ላይ የደረቀውን ሰም በቢላ ስፍቅ አማቴ ገቡ።

«ሰም ሰም ሸተተኝ! ለመድኃኔዓለም ጧፍ ልትሠሪ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ» አልኩ። ምን ልበል?

መርቀውኝ ሲያበቁ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «በቢላማ አትፋቂያት፣ ትቧጨራለች። ሞቅ አድርጊና ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጊያት።»

ራሳቸው እሳት ላይ ጣዷት። ሰሙ ሲቀልጥ የእግሬ ፀጉር ተንሳፈፈ። «ልጃቸው ምን ዓይነቷን አገባ» ተብሎ ሰፈሩ ሊያወራብኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

አማቴ አንዱን ፀጉር በማንኪያ አወጡና ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ጧፉ ፂም አብቅሏል እኮ!»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ተነሥተው በሩን ቀረቀሩና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«በይ ቶሎ በይ፤ ባልሽ ሳይመጣ የኔንም ንቀይልኝ።»