አፋችንን ብቻ የምንከፍት ዘማሪዎች

ቡታጅራ በማመልክበት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ስምንት ዓመት ቆሜያለሁ። «ዘምሬያለሁ» ያላልኩት በምክንያት ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን መሪያችን፣ ደርባባ ልብስ ሰፊ፣ ጆሮዋን ወደ እኔ አስጠግታ ትንሽ አዳመጠችና ግንባሯን ቋጠረች። ድምፄ እንደማይረባ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኋላ ረድፍ ቆሜ አፌን ብቻ እከፍታለሁ። ቁመቴ ለጋዋን ይመቻል፤ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሳነሳ ደግሞ እናቶች ያለቅሳሉ።

የመጀመሪያውን ካሴት ስንቀዳ ይህ ምንም ችግር አልፈጠረም። አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክ፣ አሥራ አራት ሰው። አንዱ ካሳለ ሁላችንም እንደገና እንጀምራለን። ሦስተኛው መዝሙር ላይ የጎረቤት አህያ እያናፋች ገባችበት፤ ከዚያ በላይ መድገም ስላቃተን ተውናት። ካሴቱ ሲወጣ አክስቴ፣ «ሦስተኛው ላይ ለብቻህ ድምፅ የምታወጣው አንተ ነህ አይደል? ለይቼሃለሁ!» አለችኝ። ደስታዋን እንዴት ላጥፋው? አዎ አልኳት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወልቂጤ ላይ በኮምፒውተር የሚቀዳ ስቱዲዮ ተከፈተ ተባለና አንድ ሚኒባስ ተኮናትረን ሄድን። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ባለሙያው ወጣት፣ «እንደ ድሮው አንድ ላይ መዘመር ቀርቷል። አንድ በአንድ ትገባላችሁ፣ የእያንዳንዳችሁን ድምፅ ለብቻ እቀዳለሁ» ሲል ከሁሉም ኋላ ሄጄ ቆምኩ።

ከኋላ ረድፍ ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ማዳመጫውን አጠለቅኩ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ እኔም የለመድኩትን አደረግኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ ቆይ፣ ድምፅ አይገባም» አለ ልጁ። ገመዱን ቀየረ። ከፈትኩ። ማይኩን ቀየረ። አሁንም ከፈትኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለ ላቡን እየጠረገ። ኮምፒውተሩን ሊከፍተው መፍቻ ሲያነሳ ግን አንጀቴ አልቻለም።

«ወንድሜ፣ ዕቃህ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያልዘመርኩት።»

መሪያችን ተጠርታ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ያን ቀን እኮ ጥርሴን አሞኝ ነው ግንባሬን የቋጠርኩት!» አለች በድንጋጤ። «ስምንት ዓመት ሙሉ? በል አሁን ዘምር!»

ዘመርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ጥርሴን ባያመኝም እቋጥር ነበር» አለች።

ይህን ጊዜ በሩ ላይ የቆመው ጨርቅ ነጋዴ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም የኋላ ረድፍ ነው። «እንግዲህ ከተነሳ አይቀር… እኔም አልዘምርም» አለ። ከጎኑ ያለው የሂሳብ አስተማሪም አንገቱን ደፋ። የኋላ ረድፍ አራት ሰው ነው። ሁላችንም ወደ አራተኛው፣ ወደ ሽማግሌው አናጺ ዞርን።

«ብቻዬን?» አሉ አናጺው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን? እኔ እኮ ከእናንተ እንዳላንስ ብዬ ነው ጉሮሮዬ እስኪደማ የምጮኸው!»

ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር ክፍሉን ሞላው። መላ ያመጣው ባለሙያው ነው። አናጺውን አራት ጊዜ እያስገባ ቀዳቸውና አራቱን በኮምፒውተር ደራረባቸው። ሲያሰማን እውነትም አራት ወንዶች የሚዘምሩ ይመስላል፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የሚስማሙ ናቸው። በኋላ ሲዲው ወጥቶ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ሲያመሰግኑን ሦስታችንም መሬት መሬት እያየን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንል ነበር።

ያን ቀን ግን ወደ ቡታጅራ ልንመለስ ስንል አናጺው ቀድመው ገብተው በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋደሙ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» አልኳቸው።

«የአራት ሰው ሥራ ሠርቻለሁ። የአራት ሰው ቦታ ይገባኛል» ብለው ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናነቡ።

የተከራከራቸው የለም። ሦስታችን ከፊት ተደራርበን ተቀመጥን፤ እሳቸው ቡታጅራ እስክንገባ አንኮራፉ።