አበባይሽ በሎት ወንዝ ዳር

እኅቴ አበባይሽ አምስተርዳም ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። አለቃዋ ለአዲስ ሠራተኞች አልጋ አነጣጠፍ ሲያስተምሩ የእሷን አልጋ ነበር የሚያሳዩት። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ግን ከእኔና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ የለም። ሕመሙ የጀመራት ሱዳን፣ በስደት ላይ ሳለን ነው። አምስተርዳም ያገኘችው ሐኪም ክኒን ካዘዘላት ወዲህ ጥሏት አያውቅም። እሷ ግን ይህን መዳን አትለውም። «ክኒኑ አሰረው እንጂ መች ለቀቀኝ» ትላለች።

በፈረንጆቹ 1984 ዓ.ም.፣ ሮተርዳም ወደብ በብየዳ የሚሠራ አየለ የሚባል ሰው ሽማግሌ ላከባት። እሺ አለች፤ ሠርጉም ከፍልሰታ ጾም በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ በፊት መዳን ፈለገች።

የአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤተ ክርስቲያን በየበጋው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሎት ወንዝ ሸለቆ የእግር ጉዞ ያዘጋጃል። ባልደረባዋ በመንገዱ ላይ፣ ከአንድ አሮጌ የቅዱስ ዮሐንስ ጸሎት ቤት ሥር ምንጭ እንዳለ፣ የጥንት ሰዎችም የሚጥላቸውን ልጆች ያጥቡበት እንደነበር አወራቻት። ከዚያ ወዲያ የሚመልሳት አልተገኘም። እኔም አብሬ ሄድኩ።

መንገዱ ከወንዙ ጋር ይጠማዘዛል። በአንድ ወገን ነጭ ገደል፣ በሌላው የትንባሆ ማሳ ነው። እግረኛ እንዳይጠፋበት በየድንጋዩና በየግንዱ ነጭና ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ምንጩ ጋ ስንደርስ አብረውን የሚጓዙት ሆላንዶች ዳቦና አይብ አውጥተው ተቀመጡ። እህል ሳትቀምስ የዋለችው አበባይሽ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ዞራ በቀሚሷ እንዳለች ተጠመቀች። ውሃ እየተንጠባጠበባት ስትመለስ አንድ ሽማግሌ፣ «ፀሐዩ አቃጠለሽ?» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዛ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ክኒኗን ሳትውጥ ተነሣች።

«እትዬ፣ ክኒኑስ?»

«ጠበል እየጠጡ መድኃኒት? ማን ሲያደርግ አየህ?»

«ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ?»

«እሱ ለጎጆ ነው። እግዜርን እንዲህ አይሉትም።»

«እንግዲያው ለአየለ ንገሪው፤ እሱም ይወቀው።»

«ድኜ እነግረዋለሁ። አሁን ብነግረው ወይ ይሸሻል፣ ወይ አዝኖ ያገባኛል። ሁለቱንም አልፈልግም። አንተም አደራ፣ አፍህን ያዝ።»

በቀጣዮቹ ቀናት ምንም አልሆነችም። ከሁሉ ቀድማ ትሄድ ጀመር፤ ዳገት ላይ ስደክም ዞር ብላ፣ «አንተ ነህ በሽተኛው» ትለኛለች።

ጉዞው ሊያበቃ ሲል አንድ ማለዳ ጠበሉን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ሴት ስትጠመቅ ወንድ አይቆምምና እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ስትዘገይብኝ ተጣራሁ። መልስ ሳጣ ወረድኩ። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ አገኘኋት።

ልቅሶው እኔ በምኖርበት በዴን ሃግ ከተማ፣ ቤቴ ሆነ። «ዋና ሳትችል ምን አስገባት?» እያሉ ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ ለቀስተኛ አለቀሱ። ሐሰት ነው። ጣና ዳር ያደገች ዋናተኛ ነበረች። ይህን አየለም ያውቃል። ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና፣ «ዋናተኛ በጉልበት ውሃ ይሞታል?» አለኝ። ነገርኩት።

«እኔን ፈርታ» አለ። ተመልሶ ገባና ለቀስተኛው መሐል ቆመ።

«ወንዝ አይደለም የገደላት። የሚጥል በሽታ ነበረባት። እኛን አፍራ መድኃኒቷን ተወች።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንዱ፣ «የሟች ስም እንዲህ ይነሣል?» ብሎ አጉረመረመ። እኔም አየለን በልቤ ተቆጣሁት።

ለቀስተኛው ሲበተን ወይዘሮ ወለተሥላሴ የሚባሉ አዛውንት ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሌሎቹ እስኪያልፉ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ያ ክኒን የሰጣት ሐኪም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የት ነው የሚገኘው?»

«አምስተርዳም ነው፣ እማማ። ለማን ፈልገውት ነው?»

«ለልጄ» አሉ።

ኮቴን ለብሼ እስከ ትራም ፌርማታው ሸኘኋቸው፤ የሐኪሙን ስምና መንገዱንም እየሄድን ነገርኳቸው።