ሁለቱም እጆች መሪው ላይ

መጀመሪያ የነበርነውን ልቁጠር። አባቴ ነበር፤ መኪናዋ የእሱ ናት። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ጋቢ ይሸምናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከራሱ ሥራ ይልቅ የሰው ሥራ ማየት ይወዳል። ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ፤ ከዚያ ምሳ ይዛ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረደች። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ነበሩ፤ ከአጥራችን ውጪ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። እኔ ነበርኩ። እናቴ ሆስፒታል ከተኛች አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ግን ያን ቀን የተደረገው ሁሉ ለእሷ ስለሆነ እሷንም እቆጥራለሁ። ስድስት ነበርን።

እናቴ ስልክ መደወል አቁማ ነበር።

አባቴ ድሮ ሸማኔ ነበር። ጉልበቱ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ እምቢ ሲለው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና ገዛ። አሁን ከየሸማኔው ቤት ጋቢና ነጠላ እየሰበሰበ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሱቆች ያደርሳል። እናቴ በተኛች በአምስተኛው ቀን ከላይ ሰፈር ቁልቁል ሲወርድ ደወለችለት። አነሳ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ። መታጠፊያው ላይ መኪናዋ የግንብ አጥር ታከከች። ማንም አልተጎዳም፤ የቀኙ በር ብቻ ተፋቀ። ስልኩ ግን ሳይዘጋ ከእጁ አምልጦ ወንበር ሥር ገባ። እናቴ በመጀመሪያ የብረት ድምፅ፣ ቀጥሎ የሰው ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ ሰማች። ጥሪው ሳይዘጋ የቆየው አራት ደቂቃ ከአሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ስልኩ ላይ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ስንደውል ታነሳለች፤ እሷ ግን አትደውልም። «እየነዳ ቢሆንስ?» ነው መልሷ። እኔ ዕቃ እየጫንኩ አብሬው ስለምሄድ ለእኔም አትደውልም። የእኔ ስልክ ቢጮህም አባቴ ዘወር ብሎ ያያል ብላ ትፈራለች። እህቴ ፋብሪካ ስትገባ ስልኳን ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ሲታዘዝላት ወረቀቱን ትራሷ ሥር አድርጋ፣ አባቴ ሊጠይቃት እስኪመጣ፣ እስከ አሥር ሰዓት ዝም ብላ ተኛች። እግሯ ላይ ያለው ቁስል ስኳር ያመጣው ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ቀን ሲያልፍበት መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን ቤት ውስጥ አንጠራውም።

እኔ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት የተበላሹ ሬዲዮኖችን ፈትቼ፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያቆምኩና እየመለስኩ አይቼ፣ ያየሁትን ደብተር ላይ ስዬ ነው። ሐሙስ ዕለት ብሉቱዝ ያለው ቴፕ ገዛሁ፤ ስልክ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ዘፈኑም የደዋዩም ድምፅ በመኪናው ስፒከር ይወጣል፣ የነጂው ድምፅ ደግሞ በማይክ ይገባል። ዓርብ የሽቦውን አቀማመጥ ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ክሩስኮቱን፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ መፍታት ጀመርኩ። ለራሴ የሰጠሁት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ነበር፤ የሕመምተኛ መጠየቂያው አሥር ሰዓት ነውና።

አሮጌው ቴፕ አልወጣ አለ። ውስጡ ካሴት ተቀርቅሯል፤ አባቴ ሲገዛትም ተቀርቅሮ ነበር። ካቻቢቴውን ስቀያይር አጎቴ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ኢንጂነር፣ ፈትተህ ስትጨርስ ንገረን፤ ጎመን እንተክልባታለን።»

«አጎቴ፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ» አሉ ጡረተኛው ከድንጋያቸው ላይ፣ «የሚያናግረኝ ረዳቴ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ‹ወራጅ አለ!› ከማለት አያልፍም።»

አባቴ አልሳቀም። ግቢው ውስጥ ይመላለሳል፤ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ ይከታል። ማንም እንደማይደውልለት እያወቀ ነው የሚያየው።

ቴፑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ከጀርባው የወጡት የመኪናዋ ሽቦዎች ቀለም አልነበራቸውም፤ አቧራና ዘመን ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡኒ አድርጓቸዋል። በቴስተር አንድ በአንድ ለካሁ። እንዳይምታቱብኝ ምልክት ያስፈልጋቸው ነበር። አጎቴ ጥለት ከሠራ በኋላ የተረፈውን ክር ሰጠኝ። አረንጓዴ ብቻ ነበር ያለው። ስለዚህ በቋጠሮ ለየኋቸው፤ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ቁልፍ ሲዞር የሚነሳው ላይ ሁለት፣ ኔጋቲቩ ላይ ሦስት፣ የስፒከሮቹ ላይ አራትና አምስት። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን እህቴ ምሳውን በፌስታል ቋጥራ ወጣች፤ ምግብ ለሚያደርስ ከመጠየቂያው ሰዓት በፊትም ይፈቀዳል።

«ምን ብዬ ልንገራት?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባዬ እየነዳ ነው፣ ያኔ ደውዪለት በያት።»

«እየነዳ?! አንተ ጤነኛ ነህ?»

«ቆሞማ ካወራት ምኑን ታምናለች?»

አየችኝ። አባቴንም አየችው። ፌስታሉን አንጠልጥላ ሄደች። አሁን ቀጠሮ ይዘናል።

ማይኩን ከጸሐይ መከለያው ጫፍ፣ ከአባቴ አፍ አርባ ሴንቲሜትር ላይ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ሽቦው አጠረ። መቀጠያ ልገዛ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። ቸኩዬ ነበር። ስለካ ስለነበር የባትሪው ገመድ እንደተሰካ ነው። መንቀል ነበረብኝ፤ ደብተሬ ላይ በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት እሱን ነው። ሳልነቅል ሄድኩ።

ስመለስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። አባቴ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ነደፈችኝ።»

«ምን ነክተህ?»

«ምን እነካለሁ! ተበጥሶ አየሁት፤ ቀጠልኩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ቋጠሮ ያለውንና ሦስት ቋጠሮ ያለውን፣ ባትሪውንና ኔጋቲቩን፣ ጫፍ ለጫፍ አጣምሯቸዋል። አጣማመሩ ደግሞ እንዴት ያምራል! ድር ሲበጠስ በምራቅ አርጥበው በሁለት ጣት እንደሚቀጥሉት፣ ቋጠሮው በሸማኔው ማበጠሪያ ጥርሶች መሃል ሾልኮ እንዲያልፍ አድርገው እንደሚያቀጥኑት፣ እንደዚያው።

«ሁለቱም እኮ አረንጓዴ ናቸው» አለ አባቴ። «አንድ ቀለም፣ አንድ ክር። ያው የተበጠሰ አይደል?»

አባቴ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የተበጠሰ ክር አይቶ አልፎ አያውቅም። እንግዳ ቤት ተቀምጦ እንኳ የሰው ጋቢ ጫፍ ላይ የተፈታ ካየ እያወራ ይቋጥረዋል። ቋጠሮ መቁጠር ለእሱ ትርጉም የለውም፤ ክርን የሚያውቀው በቀለሙ ነው። እኔም ያደግኩት ያው ቤት ውስጥ ነው፤ ማሰብ ነበረብኝ። አጎቴ ነገሩ ሲገባው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረና ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አባቴም በጋሞኛ መለሰለት፤ አጭርና ደረቅ ነገር ነበር። አጎቴ መሳቁን አቆመ።

ፊውዙ ተቃጥሏል። ያ ፊውዝ የቴፑ ብቻ ሳይሆን የክላክሱም ነው። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ያለ ክላክስ በቅዳሜ ገበያ ሽሮ ሜዳን ማቋረጥ አይታሰብም።

«የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልልበት» አሉ ጡረተኛው ሹፌር። «እኔ ከዚህ ጎጃም ድረስ ሄጄበታለሁ።»

«አይሆንም ጋሼ። ወረቀቱ እንደ ፊውዝ አይበጠስም፤ ሽቦው ነው የሚነደው።»

«እስካሁን አልነደድኩም።»

«እርስዎ አልነደዱም፤ መኪናዋስ?»

መልሴ ጠንከር ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ አሁን እጠይቃለሁ።

የማሞቂያውን ፊውዝ ነቅዬ አስገባሁ። ማሞቂያውን ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ መጠኑ ግን አንድ ነው፣ አሥራ አምስት አምፔር። አንዱ እግሩ ዝጎ ነበር። በቢላ ፋቅኩት። ክላክሱ ጮኸ። ሽቦዎቹን በቋጠሯቸው ቁጥር አገናኘሁ፣ የማይኩን ሽቦ በገዛሁት ቀጥዬ ከጸሐይ መከለያው ላይ ሰቀልኩት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ቴፑን ከፈትኩ። ሰማያዊ መብራት በራ፤ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ይህችኛዋ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ጡረተኛው።

ወዲያው የአገር ቤት የሠርግ ጭፈራ ግቢውን ሞላው። የአጎቴ ስልክ ቀድሞ ተገናኝቷል። አጎቴ ትከሻውን መስበቅ ጀመረ። «ይሄው! ሠራ! በቃ!»

«ዝጋው!» አለ አባቴ። ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «የእኔ ነው መያዝ ያለበት። የእኔ ስልክ!»

አጎቴ ስልኩን አጠፋ። የአባቴን ስልክ አገናኘሁ፤ ከሦስት ጥሪ በኋላ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲያነሳም አደረግኩት። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር። አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ አጠገቡ፣ አጎቴና ጡረተኛው ከኋላ ሆነን ወጣን።

እስከ አስፋልቱ ወረድን። አልደወለችም። ዞረን ወጣን። መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ሰማያዊው መብራት ይጠፋል፤ የዛገው የፊውዝ እግር ነው። ከክሩስኮቱ ሥር ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት። እንደገና ወረድን። ዘጠኝ ከአሥር። ለእህቴ መልእክት ላክሁ፤ «ስልኩን ይዛዋለች» ብላ ጻፈች። እንደገና ወጣን።

«ነዳጁን ለእግዜር ነው የምንበትነው» አለ አጎቴ።

አባቴ ከኋላ የሚመጡትን ታክሲዎች እያሳለፈ እንደ ቀብር አጃቢ በቀስታ ይነዳል። ላብ ከጆሮው ሥር ሲወርድ ከታች ሆኜ አየዋለሁ። በሦስተኛው ስንወርድ፣ የነጠላ ሱቆቹ ከሚጀምሩበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስልኩ ጮኸ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ መኪናዋ የፍጥነት መቀነሻውን ዘለለች፣ ጭንቅላቴ ከክሩስኮቱ ጋር ተጋጨ፣ ጆሮዬ ጩኸት ብቻ ሆነ። አውራ ጣቴን ግን አልለቀቅኩም። ጩኸቱ ሲበርድልኝ የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ነው።

«አዎ። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው።»

«ማን አለ አጠገብህ?» የእናቴ ድምፅ ከአራቱም በሮች መጣ።

«እኔ አለሁ!» አለ አጎቴ ከኋላ። «አሥሩንም ጣት ቆጥሬያለሁ!»

«አንተማ ለወንድምህ ትዋሻለህ። ጋሼ አሉ?»

«አለሁ የኔ ልጅ» አሉ ጡረተኛው። «መሪውን እንዲህ አድርጎ ይዞ አይቼው አላውቅም። መንጃ ፈቃድ የሚፈተን ነው የሚመስለው።»

ሞተሩን ታዳምጥ ነበር መሰለኝ። አንድ ታክሲ ክላክስ አደረገ፤ አባቴም መለሰ። ያንንም አዳመጠች።

«እንግዲያው» አለች፣ «ከትናንት ማታ ጀምሮ የታዘዘልኝ መርፌ አለ። ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው።»

«እማዬ!» የእህቴ ድምፅ ነበር፣ ከአልጋው አጠገብ።

አባቴ አልተቆጣም። ፍሬቻ አሳየ፣ ወደ ጳውሎስ መንገድ ታጠፈ፣ «ታንብብልኝ» አለ ብቻ። እህቴ ፊደል በፊደል አነበበች። እኔ በቀኝ አውራ ጣቴ ፊውዙን ተጭኜ በግራ እጄ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጽሑፉ ጠማማ ነው፤ ፋርማሲስቷ ግን አነበበችው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ መርፌው እናቴ እጅ ገባ።

ፊውዙን በማግስቱ በአዲስ ቀየርኩት። ክሩን ግን ከሽቦዎቹ ላይ አልፈታሁትም። የእናቴ እግር ገና ነው፤ አልተቆረጠምም፣ አልዳነምም። እሷ ግን ትደውላለች፤ ስትደውል የምትጠይቀው የመጀመሪያ ነገርም ያው የእጅ ጉዳይ ነው።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ ምን አለች? እኔ አልሰማሁም። አጎቴ «ሃሎ ነው ያለችው፣ ሌላ ምን ትላለች» ይላል። ጡረተኛው ሹፌር የአባቴን የልጅነት ስም ጠራች ይላሉ፤ በዚያ ስም ስትጠራው እኔ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ስጠይቀው የመኪናዋን መስኮት ይከፍታል። እህቴ፣ አንቺ አጠገቧ ነበርሽ፤ ከመደወሏ በፊት ስልኩን ምን ያህል ጊዜ ይዛው ቆየች? ጆሮዋ ላይ አደረገችው ወይስ አራቀችው? አጎቴ፣ ጋሼ፣ እናንተም ሳትቀላልዱ ደግማችሁ አስቡት። ይህን የጻፍኩበትን ደብተር ለየአንዳንዳችሁ እሰጣለሁ፤ ከታች ባዶ መስመር ትቻለሁ። እዚያ ጻፉልኝ።