አክስቴ ከእጄ አልበላም ያለች ጊዜ

ከሃያ ዓመት በላይ ጨርቅ ሸጫለሁ። ሀዋሳ ፒያሳ ካለው ሱቄ የሚገባ ጣቃ ሁሉ ሳይተረተር አያልፍም። አከፋፋዮች ደህናውን ከላይ ጠቅልለው የተበላሸውን መሃል ላይ እንደሚደብቁት ስለማውቅ፣ ዘርግቼ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ፣ በጥፍሬ ፍቄ ነው የምቀበለው። ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ ሱቁም የእሷ ነበር።

እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ከከምባታ አምጥታ እዚሁ ሀዋሳ አሳደገችኝ። እሷ አልወለደችም፤ እኔም ሌላ እናት አላውቅም። እትዬ ነው የምላት። መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩላት፤ እሷ ደግሞ የእነሱን ስም እየረሳች አሜን አለች። መርሳቱንስ ችዬው ነበር። ያቃተኝ ከመርሳቱ ጋር የመጣው ጥርጣሬ ነው።

መጀመሪያ ነጠላዬን ሰረቅሽኝ አለች። ነጠላው ትራሷ ሥር ሲገኝ፣ ማን ደንግጦ እንደመለሰው ጠየቀች። ቀጥሎ የሳጥኗን ቁልፍ አስቀረፅሽ አለች። በመጨረሻ ምግቡ ላይ መጣች።

“ቅመሺው” ትለኛለች ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች።

እቀምሳለሁ።

“ትንሽ እንቆይ።”

እንቆያለን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትና የእኔን ፊት እያፈራረቀች ታያለች። ምንም እንዳልሆንኩ ስታይ ደግሞ፣ “አንቺማ ለምደሽዋል፣ ምን ያደርግሻል!” ትልና ሳህኑን ትመልሰዋለች።

የመጀመሪያ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን የሚያስቅ ነገር አልቀረም። የምትበላው ልጣጭ ያለውን ብቻ ሆነ፦ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እሷ ራሷ የምትሰነጥቀው አቮካዶ። ለስላሳም ቢሆን ቆርኪው ዓይኗ እያየ ካልተከፈተ አትነካውም። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አጠበብኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ስሰፋ የቆረጥኩት ጨርቅ የልጅ ቀሚስ ይወጣዋል። ሐኪሙ መዘናትና፣ “በዚህ ከቀጠሉ በሽታው ሳይሆን ረሃቡ ነው የሚገድላቸው” አለኝ። ሠራተኞችም አልቆዩልኝም። ሦስቱም መርዘኛ ተብለው ሄዱ፤ የመጨረሻዋ እያለቀሰች ነው የወጣችው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነኝ፤ ልጆቼም ትምህርት ቤት ናቸው።

አንዲት የጸሎት ጓደኛዬ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ በራሷ ቤት አረጋውያንን እንደምታቆይ ነገረችኝ። የእድር ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ፣ “እናትሽ ብትሆን ታደርጊው ነበር?” አለችኝ።  ቤቴ ገብቼ ተቃጠልኩ። እናቴ ብትሆን ምን አደርግ እንደነበር በምን አውቃለሁ፤ እኔ ያለችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ያየሁት ቤት ሌላ ነበር። መግቢያው አበባ በአበባ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የጓሮውን በር ክፈቱልኝ ስል፣ “ቁልፉን የያዘችው ልጅ የለችም” አሉኝ። ጣቃው መሃል ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም። የቀረበልኝን ሻይ እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ።

የነርሷ ቤት ወደ ሐይቁ ሳይደረስ፣ ኮብልስቶን በለበሰ ቅያስ ውስጥ፣ ማንጎ ያለበት ግቢ ነው። ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ቁመቷ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅተኛ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ። “የፈለጉትን ክፍል ይክፈቱ፣ እኔ ሥራ አለብኝ” ብላኝ ሄደች። ይበልጥ ጠረጠርኩ። እንዲህ ልቧን የሞላው ምንድን ነው?

ዘጠኝ አረጋውያን ነበሩ። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ምን ሊሸፍን ነው ብዬ አንሶላ ገለጥኩ፣ ፍራሽ ዳበስኩ፣ ትራስ አሸተትኩ። ደረቅ ነው። ጥላ ሥር የተቀመጡትን ሰላም ለማለት ጎንበስ እያልኩ ጥፍራቸውን አየሁ። ሁሉም ተቆርጧል። ተረከዛቸው ቫዝሊን ተቀብቷል። ለእኔ ሲሉ የዘጠኝ ሰው ጥፍር በአንድ ጠዋት አይቆርጡም ብዬ ለመጽናናት ሞከርኩ። ከዚያ አሰብኩት፤ ሁለት ሆነው ከተነሡ ይቆርጣሉ።

ስወጣ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ኪዮስክ ብስኩት ገዛሁ። ባለሱቁ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

“ከዚህ ግቢ ጩኸት ምናምን ይሰማል?” አልኩት፣ ግድ እንደሌላት ሴት።

“ይሰማል እንጂ!”

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

“አንድ አባባ አሉ፣ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይዘምራሉ። ድምፃቸው አይሆንም፣ ግን ማን ይንገራቸው?” አለና ሳቀ። ቀጥሎ ብስኩቱን እያቀበለኝ፣ “አንቺም እናትሽን ልታመጪ ነው? የሚመጣው ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው” አለኝ።

ከእነሱ ጋር ተስማምቶ ቢሆንስ? ይህንንም አሰብኩ፤ ምን ላድርግ።

ሁለት ጊዜ ሳልነግራቸው ተመልሼ ሄድኩ። አንዴ ጃንጥላ ረስቻለሁ አልኩ፣ አንዴ ደግሞ መነጽር። መነጽር አላደርግም። የጥበቃው ሽማግሌ በሩን እየከፈቱ፣ “ዛሬስ ምን ረስተው ነው?” አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ገባሁ። ያገኘሁት ያው በረኪና፣ ያው የተቆረጠ ጥፍር ነው።

ሲስተር አንድ ሳምንት እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበች። “ካልሆነ ይዘዋቸው ይሄዳሉ” አለች። “አንድ ነገር ብቻ፣ ምግብ ሰዓት ላይ ባያዩዎት ይሻላል።”

“ለምን?”

“እርስዎን ይፈራሉ ብለው ራስዎ ነግረውኛል እኮ።”

ነግሬያት ነበር። ከእሷ አፍ ስሰማው ግን አመመኝ። ተከራክሬ ተከራክሬ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል፣ ከወንፊት ሽቦው ጀርባ ቆሜ እንዳይ ተፈቀደልኝ።

አክስቴን ያመጣኋት ቀን እዚያው ቆምኩ። ምሳ በትሪ ነው የሚቀርበው፤ ለአራት ለአምስት ሰው አንድ ትሪ፣ እንጀራ፣ ምስርና ጎመን። ከአክስቴ አጠገብ የተቀመጠችው ተንከባካቢ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሲዳማ ናት፤ አማርኛዋ ቀስ ያለና የተመረጠ ነው። ብዪ አላለቻትም። እንኳን ልታጎርሳት ዞር ብላም አላየቻትም። እጇን ታጥባ ራሷ መብላት ጀመረች፤ ሌሎቹም ጀመሩ። አክስቴ በግራዋ ያሉትን አዛውንት አፍ አየች፤ በቀኟ ያሉትንም አየች። እጇን ዘረጋች፣ መለሰች። እንደገና ዘረጋችና ቆርሳ ጎረሰች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እኔ ወራት ለምኜ ያላበላኋትን እነዚህ በአንድ ቀን ያበሉት ምን ሰጥተዋት ነው? ደግሞስ ጨው? አክስቴ ደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሙ ጨው ከከለከላት ስንት ዓመቱ ነው። የዚያን ወጥ ጨው ማን ለካው?

መጠየቅ ይቻል ነበር። አልጠየቅኩም። በማግስቱ ማልጄ ጨው የሌለው ወጥ ሠራሁ፤ በምሳ ዕቃ አሽጌ በባጃጅ ላክሁ። ሰው ቤት እያለው አሳዳጊውን በሰው ወጥ አያሳድርም ብዬም አሰብኩ፣ ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኳት። ሲስተር ደውላ፣ “አያስፈልግም ነበር” አለችኝ። “አድርጉላት” አልኳት። በድምፄ ውስጥ ምን እንደሰማች አላውቅም፣ እሺ አለች። ሦስት ቀን ላክሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተደወለልኝ። አክስቴ መብላት አቁማለች። የላክሁትን ብቻ አይደለም፣ ከትሪውም አትነካም። ሙዙንም መልሳለች።

ሱቄን ዘግቼ፣ ልብሷን የምከትበት ሻንጣ ይዤ ሄድኩ። ይዣት ልወጣ ቆርጬ ነበር። ግቢው መሃል ቆሜ ያልተናገርኩት የለም። ይኸው ጠርጥሬ ነበር፣ ይኸው አውቄዋለሁ፣ ምን አድርጋችኋት ነው፣ አልኩ። አረጋውያኑ ከጥላው ሥር ሆነው ያዩኛል። ሲስተር ወጥታ ከፊቴ ቆመች። መጨረሻ ላይ የተናገረችው ያቺ ተንከባካቢ ናት፤ እጇን በሽርጧ እያደረቀች።

“እኔ ልናገር?” አለች። “እማማ ወጡን አልጠሉትም። ‘ለእኔ ብቻ ለምን መጣ?’ ነው ያሉኝ። ሁሉም ሰው ከአንድ ትሪ እየበላ፣ ለእኔ ብቻ በክዳን ተከድኖ ቢመጣልኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔም እጠረጥራለሁ። አሁን ‘ያቺ ሴትዮ እዚህም አገኘችኝ’ ይላሉ።”

ያቺ ሴትዮ እኔ ነበርኩ።

ቤታችን ምሳ ሲቀርብ ታየኝ። እኔና ልጆቼ፣ እንግዳም ሲመጣ እንግዳው፣ ትሪውን ከበን እንበላለን። የአክስቴ ጨው የሌለው ወጥ በትንሽ ሳህን ለብቻዋ ይቀርባል። ጤነኛ ሳለች ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ እንዲያውም “የእስረኛ ምሳዬን አምጡ” እያለች ትቀልድ ነበር። በሽታው ምክንያቱን ወሰደው። ሳህኑ ግን በየቀኑ መቅረቡን ቀጠለ። ባሏንም ወንድሟንም የቀበረች፣ የሚጠብቃት ሌላ ሰው የሌላት ሴት፣ ሁሉም ከሚበላው ተለይቶ ለእሷ ብቻ የሚቀርብ ምግብ፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ፣ ቅመሺው ስባል አንዴ ብቻ ነክቼ የምመልስ እኔ። ታዲያ ምን ታስብ? እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን ነበር የምጠረጥረው። እንግዳ ፍራሽ ስገልጥ፣ የሰው ጥፍር ስቆጥር፣ የራሴን ገበታ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።

“ጨው ግን...” አልኩ።

“ዘጠኙም ደም ግፊት አለባቸው” አለች ሲስተር። “እዚህ ቤት ወጥ ላይ ጨው የለም። እኛም ያንኑ ነው የምንበላው።”

ምሳ ደርሶ ነበር። በመስኮት ልይ አላልኩም፣ ማንም ሂጂ አላለኝም። ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ፣ ነጠላዬን እንደ ሌሎቹ ሴቶች ተከናንቤ ትሪው ጋ ሄድኩ። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ትንሽ ሸሸት ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አላወቀችኝም።

ተንከባካቢዋ ጀመረች። አዛውንቱ ጀመሩ። አክስቴ አፋቸውን ተራ በተራ አየች፤ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ቆረሰች። ጎረሰች። እኔ እጄ ትሪው ጠርዝ ላይ እንደ ቀረ እሷን ብቻ ነበር የማየው። የጉንጯ አጥንት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስትውጥ አየሁ። ይህን ለማየት ስንት ወር ለምኛለሁ።

ሦስት ጊዜ ከጎረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ለምን አትበዪም?” አለችኝ።



ግራ ቀኝ አየችና ጠጋ አለችኝ። ትንፋሿ ጆሮዬን እስኪነካኝ ተጠግታ፣ “ብዪ፤ እዚህ ቤት ምንም አያደርጉብሽም፣ እኔ አጣርቻለሁ” አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። “አንቺንም ያቺ ሴትዮ ጋ ነበር ያስቀመጡሽ?”

“አዎ” አልኳት።

“ታስታውቂያለሽ፤ ከስተሻል” አለች። እጄን ያዘች፣ አገላበጠችው፣ አንጓዬን በሁለት ጣቷ ለካችው። “እንግዲህ እንዳትመለሺ። ብትለምንሽም፣ ብታለቅስብሽም፣ እንዳትመለሺ።”

“እሺ” አልኳት፣ “አልመለስም።”

ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ አኝኬ እስክውጥ ድረስም ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።