አስታማሚዋና ምክሩ

ከትናንት ጀምሮ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፤ ልብ ያላት ሰው የለም። ሽባ የሆኑትን አማቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብና ስታጎርስ ሦስት ዓመት ስላለፋት፣ ሰፈሩ ስሟን ረስቶ «አስታማሚዋ» ይላታል።

እሁድ እሁድ የባሏ እህት እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ሽቶዋ ቀድሟት፣ ምክሯ ተከትሏት። ዛሬ ደግሞ የሁለት ቀን ስልጠና ወስዳ ሊቅ ሆናለች።

«እህቴ፣ ለራስሽም እዘኚላት እንጂ! እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና ራስሽን ‹አይዞሽ› በያት።»

አስታማሚዋ በአንድ እጇ የአሮጊቷን ራስ ደግፋለች፤ በሌላው የሾርባ ማንኪያ ይዛለች።

«በየትኛው እጄ?»

የባሏ እህት ከት ብላ ሳቀች። አስታማሚዋ ግን ማንኪያውን አስጨበጠቻት፤ የእናቷንም ራስ ክንዷ ላይ አመቻችታላት ወደ ግቢ ወጣች። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አይዞሽ» ልትል ስትል ቃሉ እንግዳ ሆነባት። ለሌላው ስትለው ኖረች እንጂ፣ እሷን «አይዞሽ» ያላት ሰው አልነበረም።

«ኧረ ቶሎ ነይ! አንሶላው ረጠበ!» የሚል ጩኸት ከቤት ተሰማ።

«ደረቁ ቁም ሣጥን ውስጥ አለልሽ» አለች፤ ከተቀመጠችበትም ንቅንቅ አላለች።